«ዘ ላስት ጄዳይ»ን ማንም አልወደደውም? ለአንድ በሰፊው ለተጋራ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የስታር ዋርስ ተከታታይ ፊልሞች አፍቃሪዎች እየተቀባበሉ የሚያጋሩት አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ «ዘ ላስት ጄዳይ» ነው፤ ራያን ጆንሰን ጽፎ ዳይሬክት ያደረገው፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ለእይታ የበቃው ስምንተኛው ክፍል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው ፊልሙን አልወደዱትም። መብታቸው ነው፤ በዚህ ልሟገታቸው አልመጣሁም። የምሟገተው «እኔ አልወደድኩትም» ከሚለው ተነስተው «ሕዝቡም አልወደደውም» ወደሚለው ስለተሻገሩ ነው። እነዚህ ሁለቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ በማስረጃ የሚጣራ ነው።

መጀመሪያ የሚሉትን በትክክል ላስቀምጥ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 1.33 ቢሊዮን ዶላር ያስገባው ሰው ወዶት ሳይሆን በስታር ዋርስ ስም ተስቦ ነው ይላሉ። ለዚህም በሁለተኛው ዊኬንድ ገቢው በ67 ከመቶ መውረዱን ይጠቅሳሉ። ከቀዳሚው ክፍል ጋር ሲነጻጸር አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ብቻ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማነሱንም ያነሳሉ። የፊልም ነጥብ በሚሰበስበው ድረ ገጽ በሮተን ቶሜቶስ ላይ ተመልካች የሰጠው ነጥብ ከግማሽ በታች ነው። የተመልካች አስተያየት የሚሰበስበው ሲኒማስኮር የሰጠው «ኤ» ደግሞ በመጀመሪያው ምሽት የተሰበሰበ ስለሆነ ዋጋ የለውም። ከአምስት ወር በኋላ የወጣው ሌላው የስታር ዋርስ ፊልም «ሶሎ» የከሰረው ተመልካች ስላኮረፈ ነው። ቻይና ውስጥ ፊልሙ ወዲያው ወደቀ። ሉክ ስካይዎከርን የተጫወተው ማርክ ሃሚል እንኳ ታሪኩ አልተዋጠለትም። በጥቅሉ የሚሉት ይህ ነው።

ቀላሎቹን ላስቀድም። ማርክ ሃሚል ሉክ በተሳለበት መንገድ እንዳልተስማማ በአደባባይ ተናግሯል፤ ኋላ ላይ ደግሞ ቅሬታውን ይፋ ማውጣቱ እንደጸጸተው ገልጿል። ያም ሆነ ይህ፣ አንድ ተዋናይ ስለ ገጸ ባሕርይው የሚሰማው ነገር ስለ ፊልሙ ጥራት ለሚነሳ ክርክር ይጠቅም ይሆናል። ስንት ሰው ወደደው ለሚለው ግን መልስ አይሆንም።

ስለ ቻይና ጸሐፊው ልክ ናቸው። እዚያ የገባው ወደ 42 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በ2015 የወጣው ቀዳሚው ክፍል «ዘ ፎርስ አዌከንስ» 124 ሚሊዮን ገደማ አስገብቶ ነበር። ግን በመሃል በ2016 የወጣው የስታር ዋርስ ፊልም «ሮግ ዋን»ስ? እሱም ወደ 69 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። ቁልቁለቱ የጀመረው «ዘ ላስት ጄዳይ» ከመታየቱ በፊት ነው ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች በወጡበት ዘመን ቻይና ሲኒማ ቤት አልታዩም። ስለዚህ የድሮዎቹን ጀግኖች ሃንን፣ ሊያንና ሉክን እያየ ያደገና አሁን ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ትውልድ እዚያ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የ67 ከመቶው ነገር የጽሑፉ ምሰሶ ነው፤ ብዙ ሰውም ይህችን መስመር ነጥሎ እያወጣ ነው የሚያጋራው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ፊልሙ በመጀመሪያው ዊኬንድ 220 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ በሁለተኛው 71.6 ሚሊዮን። ጸሐፊው ያላዩት ካሌንደሩን ነው።

የቦክስ ኦፊስ ዊኬንድ ማለት ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ነው። በ2017 የፊልሙ ሁለተኛ ዊኬንድ የዋለው ከዲሴምበር 22 እስከ 24 ነበር። እሁዱ የገና ዋዜማ ነው። በዋዜማው ማታ አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት ጭር ይላል፤ ብዙው ቤተሰብ ቤቱ ተሰብስቦ ያመሻል። የገና ቀን ራሱ ግን በተቃራኒው ነው። ስጦታ ተከፍቶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሰው ፊልም ለማየት ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ያ ቀን በ2017 ሰኞ ላይ ዋለና ከዊኬንዱ ሂሳብ ውጭ ሆነ። ሰኞ ዕለት የገባው ገንዘብ ከእሁዱ ይበልጥ ነበር። በአዘቦት ሳምንት እንዲህ ያለ ነገር አይታይም።

ይህን ከሌሎቹ ጋር አስተያዩት። በ2015 ገና ዓርብ ላይ ዋለ። የ«ዘ ፎርስ አዌከንስ» ሁለተኛ ዊኬንድ የጀመረው በዓመቱ ሞቅ ካሉት የሲኒማ ቀኖች በአንዱ ነው ማለት ነው። የወረደው በ40 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በ2016 ገና እሁድ ዋለ፤ ዋዜማው ቅዳሜን በላው፣ ገና ግን ከዊኬንዱ ውስጥ ቀረ። «ሮግ ዋን» በ59 ከመቶ ገደማ ወረደ። «ሮግ ዋን»ን ሕዝብ ጠላው ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። በ2017 ዋዜማው እሁድን በልቶ ገና ጭራሽ ወደ ውጭ ወጣ፤ 67 ከመቶው መጣ። ገና ከዊኬንዱ እየሸሸ በሄደ ቁጥር ውድቀቱ እየከፋ ይሄዳል። ሁሉም ነገር በካሌንደር ይገለጻል አልልም። ነገር ግን ይህን ሳይጠቅሱ ቁጥሩን ብቻ አንጠልጥሎ «ሕዝቡ ሸሸ» ማለት ውሃ አያነሳም።

በሦስተኛው ዊኬንድ ፊልሙ 52.5 ሚሊዮን አስገባ። ከሁለተኛው በ27 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው የቀነሰው። እዚህ ላይ ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን፤ ሁለተኛው ዊኬንድ በዋዜማው ምክንያት ዝቅ ስላለ ሦስተኛው ለስላሳ መስሎ መታየቱ አይቀርም። ካሌንደሩ ለእኔ ሲመች ብቻ አልጠራውም። ለዚህ ነው አንድ ዊኬንድ ነጥሎ ከማየት አጠቃላይ ጉዞውን ማየት የሚሻለው።

አጠቃላይ ጉዞው ይኸው። ፊልሙ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በድምሩ 620 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። ከዚህ ላይ የመጀመሪያውን ዊኬንድ 220 ሚሊዮን ቀንሱ። 400 ሚሊዮን ይቀራል። ይህ ገንዘብ የገባው ክርክሩ ከተጧጧፈ በኋላ ነው። ሉክ ምን እንደሆነ፣ የክፉዎቹ መሪ ስኖክ እንዴት እንደሞተ፣ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የሬይ ወላጆች እነማን እንደተባሉ ወሬው ሁሉ ከተዳረሰ በኋላ። «በስሙ ተስበው ሳያውቁ ገቡ» የሚለው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሊሠራ ይችላል። ለ400 ሚሊዮኑ ግን አይሠራም።

ሰው በስሙ ተስቦ ገብቶ ፊልሙን ሳይወደው ሲቀር ምን እንደሚፈጠር እኮ እናውቃለን። በ2016 «ባትማን ቨርሰስ ሱፐርማን» ወጣ። ከዓለማችን ሁለት ታዋቂ ጀግኖች ስም የሚበልጥ ስም ከየት ይመጣል? በመጀመሪያው ዊኬንድ 166 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። በሁለተኛው በ69 ከመቶ ወረደ፤ በዚያ ላይ የገና ዋዜማ የሚባል ሰበብ አልነበረውም። በሦስተኛው እንደገና ከግማሽ በላይ ወረደ። ሲያበቃ ድምሩ 330 ሚሊዮን ነው። ከመክፈቻው በኋላ ባሉት ሳምንታት ሁሉ ያገኘው ተደምሮ የመክፈቻውን ያህል ብቻ ሆነ። ሲኒማስኮር የሰጠው «ቢ» ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ትልቅ ፊልም ይህ ደካማ ውጤት ነው። (እሱንም ከልባቸው የሚወዱ ብዙ ሰዎች አሉ። አልነካቸውም።) «ዘ ላስት ጄዳይ» ከመክፈቻው በኋላ ያገኘው የመክፈቻውን አንድ ነጥብ ስምንት እጥፍ ነው። ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ መክተት አይቻልም።

ጸሐፊው ልብ ቢሉት ኖሮ የሚጠቅማቸው አንድ እውነት ግን አለ፤ እኔው ላንሳላቸው። «ሮግ ዋን» ከመክፈቻው በኋላ ያገኘው የመክፈቻውን ሁለት ነጥብ አራት እጥፍ ነው። «ዘ ፎርስ አዌከንስ» ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ሚዛን «ዘ ላስት ጄዳይ» ከሁለቱም ያንሳል። ደጋግሞ የሚያየው ሰው ቀንሷል ብሎ መገመት ምክንያታዊ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይመለሱ ከነበሩት ጽኑ አፍቃሪዎች የተወሰኑት አንድ ጊዜ ብቻ አይተው ቀርተዋል ማለት ነው። ይህን እቀበላለሁ። «ከሚጠበቀው ያነሰ» ማለትና «የተጠላ» ማለት ግን ለየቅል ናቸው። ፊልሙ በ2017 በአሜሪካም በዓለምም በገቢ አንደኛ ነው። በዚያ ዓመት አማካይ የአሜሪካ ትኬት 9 ዶላር ገደማ ነበር። በልዩ ስክሪን ለማየት ውድ ትኬት የገዛውን ሁሉ ብናስብ እንኳ ከ60 ሚሊዮን ያላነሰ ትኬት ተቆርጧል።

ከቀዳሚው በ300 ሚሊዮን ማነሱስ? 937 ሚሊዮን ገደማ የነበረው 620 ሆነ። በመቶኛ ሲሰላ 34 ነው። ትልቅ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን «ዘ ፎርስ አዌከንስ» ተራ ፊልም አልነበረም። ከ2005 በኋላ አሥር ዓመት የተጠበቀ፣ የድሮዎቹን ጀግኖች ከ1983 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የመለሰ ነው። እንዲህ ያለ ጉጉት በሁለት ዓመት ልዩነት አይደገምም። ደግሞም ዋናዎቹ ክፍሎች ሦስት ሦስት ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ በየሦስትዮሹ ሁለተኛው ፊልም ሁልጊዜ ይወርዳል። የ1977ቱ የመጀመሪያ ፊልም ዳግም የታየባቸውን ጊዜያት ጨምሮ አሜሪካ ውስጥ 461 ሚሊዮን አስገብቷል፤ ተከታዩ «ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ» 290 ገደማ። ቅናሹ 37 ከመቶ ነው። በ1999 የወጣው የሁለተኛው ሦስትዮሽ መጀመሪያ በመጀመሪያው ዙር 431 ሚሊዮን ሲያስገባ በ2002 የመጣው ተከታይ 302 ገደማ አስገባ። ይህም 30 ከመቶ ነው። የ«ዘ ላስት ጄዳይ» 34 በሁለቱ መሃል ይቀመጣል። «ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ» ዛሬ በብዙ አፍቃሪዎች ዘንድ የሁሉም ቁንጮ ነው። የገቢ ቅናሽ የጥላቻ ማረጋገጫ ከሆነ በእሱም ላይ መፍረድ ሊኖርብን ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ እንምጣ፤ ሁላችንም በጣም የምንግልበት እዚህ ላይ ነው። ሮተን ቶሜቶስ ላይ ሃያሲያን 91 ከመቶ ሲሰጡት ተመልካች የሰጠው ከ45 በታች ነው። ጸሐፊው «ሃያሲ አንድ ነገር ይላል፣ ሕዝብ ሌላ» ብለው የደመደሙት ከዚህ ተነስተው ነው።

ግን እዚያ ድምፅ የሰጠው «ሕዝብ» ማን ነው? በዚያን ጊዜ ማንኛውም ሰው አካውንት ከፍቶ፣ ትኬት ይግዛ አይግዛ ሳይጠየቅ፣ ነጥብ መስጠት ይችል ነበር። ድረ ገጹ ትኬት መግዛታቸው የተረጋገጠላቸውን ሰዎች ድምፅ ለይቶ ማሳየት የጀመረው በ2019 ነው። እኔ ድምፆቹ የሐሰት ናቸው አልልም። ሮተን ቶሜቶስ ራሱ ችግር እንዳላገኘ ገልጿል፤ ቃሉን እቀበላለሁ። ጥያቄው ሌላ ነው። ፊልም አይቶ «ደህና ነበር» ብሎ የወጣ ሰው ቤቱ ገብቶ ራቱን በልቶ ይተኛል። የልጅነት ጀግናው እንደተዋረደበት የተሰማው ሰው ግን እንቅልፍ አይወስደውም፤ ይጽፋል። ድምፅ ለመስጠት የተነሳው ሰው ካልተነሳው ሰው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም። ነጥቡን የሰጡት ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው። ብዙ ናቸው፣ ግን ራሳቸውን የመረጡ ናቸው። ከ60 ሚሊዮኑ ትኬት ጎን ስታስቀምጧቸው ስለ ቀሪው ተመልካች የሚነግሩን ነገር የለም።

ሲኒማስኮር የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ፊልሙ በተከፈተበት ምሽት በተለያዩ ከተሞች ሲኒማ ቤት በር ላይ ሠራተኞች ይቆማሉ። ለተመልካቹ ካርድ ይሰጣሉ። ተመልካቹ ያየውን ፊልም ልክ እንደ ትምህርት ቤት ውጤት ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ይመዝናል። ማን ካርድ እንደሚደርሰው የሚወስነው የተናደደው ሰው አይደለም። ፊልሙን ያላየ ሰውም ካርድ አይሞላም። «ዘ ላስት ጄዳይ» ከእነዚህ ሰዎች «ኤ» አገኘ፤ «ዘ ፎርስ አዌከንስ» ያገኘውን ያህል።

ጸሐፊው «የመጀመሪያው ምሽት ተመልካች ስለጓጓ ለጋስ ነው» ይላሉ። ከፊል እውነት አለው። በ1999 የወጣው፣ ኋላ ላይ ብዙ የተወቀሰው ክፍል እንኳ «ኤ ማይነስ» አግኝቶ ነበር። ነገር ግን ጸሐፊው የዘነጉት ነገር አለ። በመጀመሪያው ምሽት የሚገባው ማን ነው? ከወር በፊት ትኬት የቆረጠው፣ የመብራት ሰይፉን ይዞ ልብሱን ለብሶ የተሰለፈው ነው። ጽሑፋቸው በሙሉ «ተከዳ» የሚለው ጽኑ አፍቃሪ እሱ ነው። ክህደቱ እነሱ እንደሚሉት ግልጽና ሁሉን አቀፍ ከነበረ፣ መጀመሪያ መታየት የነበረበት በእነዚያ ካርዶች ላይ ነው። አልታየም። ካርዱ ዝቅተኛ ውጤት መስጠት አያውቅም እንዳይባል፣ በ2019 የወጣው ዘጠነኛው ክፍል «ዘ ራይዝ ኦፍ ስካይዎከር» በመጀመሪያው ምሽቱ፣ ከዚያው ዓይነት ተመልካች «ቢ ፕላስ» ነው ያገኘው። የጓጓ ተመልካችም ቅር ሲለው ይናገራል።

ይህ ወደ «ሶሎ» ይወስደኛል። በሜይ 2018 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ 393 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ አስገባ፤ ወጪው ከ250 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ሲዘገብ ነበርና ኪሳራ ነው። «ያኮረፈው አፍቃሪ ቀጣቸው» የሚለው ትረካ ማራኪ ነው። ትንሽም እውነት ሊኖረው ይችላል፤ የተወሰኑ ሰዎች ሆን ብለው እንደቀሩ በአደባባይ ተናግረዋል። ግን ሌላውንም እንቁጠር። ሁለቱ ዳይሬክተሮች ቀረጻ ላይ እያሉ ተነስተው በሮን ሃዋርድ ተተኩ፤ አብዛኛው እንደገና ተቀረጸ፣ ወጪውም አበጠ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ የታየው ፊልሙ ሊወጣ አራት ወር እንኳ ሳይቀረው በፌብሩዋሪ ነው። ከአራት ሳምንት በፊት «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር»፣ ከአንድ ሳምንት በፊት «ዴድፑል 2» ወጥተው ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ፊልሞች መሃል አንድ አንድ ዓመት ይሰጥ ነበር፤ አሁን አምስት ወር ብቻ። በላዩ ላይ፣ በድሮዎቹ ፊልሞች ሃንን የተጫወተው ሃሪሰን ፎርድ የሌለበትን የሃን ሶሎ ፊልም እንዲሠራ የጠየቀ ሰው ስንት ነበር?

ለኩርፊያው ትረካ እውነተኛ ፈተና የሚሆነው «ሶሎ» ሳይሆን «ዘ ራይዝ ኦፍ ስካይዎከር» ነው። ይህ ፊልም ጸሐፊው ያማረሩባቸውን ብዙ ነገሮች ቀይሯል። የሬይን ዘር ጉዳይ ገለበጠው። በስምንተኛው ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው ሮዝ ጥቂት ትዕይንት ብቻ ቀራት። ሉክ የተወረወረውን የመብራት ሰይፍ ቀልቦ የጄዳይ መሣሪያ ክብር ይገባዋል አለ። ሕዝቡ የጠላው ስምንተኛውን ከነበረ፣ ዘጠነኛው መካስ ነበረበት። ያስገባው አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 515 ሚሊዮን ገደማ፣ በዓለም 1.07 ቢሊዮን ገደማ ነው። ገናው በሁለቱ ዊኬንዶች መሃል ረቡዕ ውሎለት፣ ሁለተኛው ዊኬንድም ዋዜማ ሳይነካው እንኳ በ59 ከመቶ ገደማ ወረደ። «ሰዎቹ ቀድሞ ስለተቀየሙ ነው ያልተመለሱት» ሊባል ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ማስተባበል አልችልም። ግን እንዲህ ከሆነ ጸሐፊው አንድ ነገር መምረጥ አለባቸው። የመጀመሪያ ዊኬንድ ገቢ ስለ ፊልሙ ምንም አይናገርም ብለው «ዘ ላስት ጄዳይ»ን ከከሰሱ በኋላ፣ የ«ሶሎ»ን ባዶ ወንበር ስለ ሌላ ፊልም የተሰጠ ፍርድ አድርገው መቁጠር አይችሉም።

በመጨረሻ ለእኔ ወገን፣ ፊልሙን ለምንወደው ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ። ጸሐፊው «ተቺውን ሁሉ ቦት (በኮምፒውተር የሚነዳ አካውንት) ትሉታላችሁ» ሲሉ ያማረሩት እውነት ነው። በዚህ አብሬያቸው ነኝ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሞርተን ቤይ የ2018 ጥናት ለራያን ጆንሰን የተላኩ 967 የትዊተር መልእክቶችን ነው ያየው። አሉታዊ የነበሩት 206 ናቸው። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ከቦት፣ ሆን ብለው ከሚተነኩሱ አካውንቶች ወይም ከፖለቲካ አጀንዳ ጋር ተያይዘዋል። ሌላው ግማሽ ግን ፊልሙን ከልባቸው ያልወደዱ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ከታሪኩ እንዲሰረዝ የሚጠይቀውን አቤቱታ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ፈርሞበታል፤ እነዚህንም ማሽን ናቸው ብሎ መናቅ ነውር ነው። ሉክን እንደ አባት ያዩት ሰዎች አዝነዋል። ሐዘናቸው እውነተኛ ነው፤ ስማቸውን ማጉደፍ መልስ አይሆንም።

ጸሐፊው መልስ እንደሚጽፉ ተስፋ አለኝ። ሲጽፉ አንድ ጥያቄ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ሃያሲ አይቆጠርም፣ ገቢ አይቆጠርም፣ በር ላይ የተሞላ ካርድም አይቆጠርም ካሉ፣ አንድ ፊልም በሕዝብ መወደዱን እርስዎ የሚያምኑት በምን ማስረጃ ነው? ያን መለኪያ ይንገሩንና «ሮግ ዋን»ንም «ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ»ንም አብረን እንመዝንበት።